ዲስኩ ስህተት እየደጋገመ ሲያስቸግር፦ ገመድ፣ ሃርድ ዲስክ ወይስ ኤስ ኤስ ዲ?

ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ዲስኩን ልፈትሽ የሚል ከሆነ፣ ወይም ፋይል ሲከፈት ደርቆ የሚቀር ከሆነ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ወርደው አዲስ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት ጥፋተኛውን ይለዩ። ዲስኩ ስለራሱ ጤና የሚመዘግባቸውን ቁጥሮች በመስመር በመስመር የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ለዚህ ይበቃል። ሲ7 (C7) የሚለው መስመር፣ ማለትም በመተላለፍ ላይ ሳለ የተበላሸ መረጃ ቆጠራ፣ ብቻ እየጨመረ ከሄደ፣ ስህተቱ ያለው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ባለው የሳታ ገመድ (መረጃ የሚያመላልሰው ቀጭን ገመድ) ወይም መሰኪያ ላይ ነው። ገመዱን ይቀይሩ፣ መሰኪያውንም ይለውጡ። ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ መጨመሩን ካቆመ ግን ችግሩ ተፈትቷል፣ ዲስክ መግዛትም አያስፈልግም።

የተበላሹና የሚያጠራጥሩ የዲስክ ክፍሎችን የሚቆጥሩት 05፣ ሲ5 ወይም ሲ6 ዜሮ ካልሆኑና ከሳምንት ሳምንት ካደጉ ግን የዲስኩ ገጽ እየተበላሸ ነው። ያን ጊዜ የዊንዶውስን ሙሉ የዲስክ ፍተሻ አያስጀምሩ፤ መላውን ገጽ እያስነበበ የደከመውን ዲስክ ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ፎቶውንና ሰነዱን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ።

አሁን ምርጫው። ሃርድ ዲስክ በጊጋባይት ሲሰላ ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመሞቱ በፊት በድምፅና በዝግታ ያስጠነቅቃል፣ ከሞተም በኋላ መረጃውን የማውጣት ዕድል አለ። ለወሎ ሰው ግን ከፍታ መታሰብ አለበት። የዲስኩ ማንበቢያ ጭንቅላት ገጹን ሳይነካ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፣ አየሩ ሲሳሳ ወደ ገጹ ይጠጋል። አምራቾች ለአብዛኞቹ የሚሰጡት የከፍታ ገደብ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ችግር የለባትም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ የደጋ ቀበሌ ለሚኖር ግን ተራውን ሃርድ ዲስክ አንመክርም።

የሳታ ኤስ ኤስ ዲ መረጃውን በቺፕ ላይ ስለሚይዝና የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ከፍታም መንገጫገጭም አያሳስበውም። በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፣ ሃርድ ዲስክ ግን ከ100 እስከ 200 አካባቢ ነው። የሚሰካው በዚያው ገመድ ስለሆነ ለአሮጌ ኮምፒዩተርም ይሆናል። ድክመቱ ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ በድንገት መሞቱ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ያለ ኤሌክትሪክ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠም የያዘውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዊንዶውሱን በኤስ ኤስ ዲ፣ የሠርግና የልጆች ፎቶውን ቅጂ በሃርድ ዲስክ ማድረግ ጥሩ ነው። ከመጠን በላይ ርካሽ ሆኖ 2 ቴራባይት ነኝ የሚል ኤስ ኤስ ዲ ሲያዩ ይጠርጥሩ፤ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ እስኪሞላ ጽፈው መልሰው ያንብቡት።

ያለ ገመድ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ኤስ ኤስ ዲ፣ ኤንቪኤምኢ፣ የበለጠ ይፈጥናል፤ ማዘርቦርዱ ቦታው ከሌለው ግን አይሆንም፣ አሮጌ ማዘርቦርድም ዊንዶውስን ከእሱ ላያስነሳ ይችላል። ለጽሑፍና ለፊልም ከሳታው ያለው ልዩነት እምብዛም አይታይም።

ያገለገለ ሃርድ ዲስክ ከሆነ 09 የሚለውን የሥራ ሰዓት ይዩ፦ 8,760 ሰዓት ማለት አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ መሥራት ነው። ሲ5 ዜሮ ካልሆነ በነፃም አይውሰዱት።

አዲሱ ዲስክ ከተገጠመ በኋላም ስህተቱ ከተመለሰ፣ መብራቱንና የኮምፒዩተሩን ፓወር ሰፕላይ ይጠርጥሩ። መብራት በጽሕፈት መሐል ሲሄድ የዲስኩ ገጽ ሳይጎዳ የፋይሉ ማውጫ ይበላሻል። ስታብላይዘር የቮልቴጁን መዋዠቅ ያስተካክላል እንጂ ኮምፒዩተሩን አያቆየውም፤ ዩፒኤስ ግን ባትሪ ስላለው ፋይሉን አስቀምጠው በሥርዓት እስኪያጠፉ ደቂቃዎችን ይሰጣል። ለአንድ የቤት ኮምፒዩተርና ስክሪን 650 ቪኤ (የዩፒኤስ የኃይል መለኪያ) ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ገንዘቡ ለኤንቪኤምኢ ወይም ለዩፒኤስ ብቻ ከሆነ፣ የሳታ ኤስ ኤስ ዲውን ይያዙና ትርፉን ለዩፒኤስ ያውሉት። ዩፒኤሱ ላይ ማተሚያና ምድጃ አይሰኩ።