ትንሹ ቤት ወይስ ትልቁ ተቋም?

አረጋዊ ወላጅን ለሚንከባከብ ሰው አደራ መስጠት ይከብዳል። ምርጫው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሰባት ሰው በሚኖርበት ትንሽ ቤትና መቶ ያህል አልጋ ባለው ትልቅ ተቋም መካከል ነው።

የትንሹ ቤት ጉልበት መተዋወቅ ነው። ተንከባካቢዋ አዛውንቱ በየትኛው ጎናቸው እንደሚተኙ ሳይቀር ታውቃለች። ምሳቸውን ግማሽ ትተው ከተነሱ፣ "ምነው አባባ፣ ዛሬ ምን ሆኑ?" ትላለች። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በዕድሜ የገፋ ሰው ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። ምልክቱ የምግብ ፍላጎት ማጣት ወይም ድንገት ግራ መጋባት ብቻ ሊሆን ይችላል። በትልቁ ተቋም፣ ተረኛው በየቀኑ ከተቀያየረ፣ ይሄን ማን ልብ ይላል?

ትልቁ ግን ሌሊት ይበልጣል። አንድ ሠራተኛ ቢቀር ተተኪ አይጠፋም። በትንሹ ቤት አንዷ ከታመመች ጉድ ፈላ! ሌላዋ ብቻዋን ታድራለች። የወደቀ ሰው ቢኖር ማን ያግዛታል? ከአልጋ የማይነሳውንስ ቆዳው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማን ያገላብጠዋል?

እኔ ብጠየቅ ትንሹን እመርጣለሁ፤ መድኃኒት በተሰጠ ቁጥር የሚፈረምበትን መዝገብ ካየሁ በኋላ ግን። የማታው ፊርማ ከጠዋቱ ተሞልቶ ካገኘሁት፣ ውልቅ ብዬ እወጣለሁ።