ቴትራሳይክሊን 1% የዓይን ቅባት ለዶሮ፦ የት ይሠራል፣ የት አይሠራም

ለጓሮ ዶሮ ዓይን ከሚሞከሩት መድኃኒቶች ይህ ቅባት ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን ባክቴሪያ ላመጣው የዓይን መቆጣት ብቻ ነው። ከጠብታ የሚመረጠው ቶሎ ታጥቦ ስለማይወጣ ነው።

ዓይኑ ሳይጸዳ ከተቀባ ግን መድኃኒቱ በዓይናሩ ላይ ይቀራል። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው ይሟሟና ለብ ተደርጎ በንጹሕ ጨርቅ ዓይናሩ ይራስ። የጠጠረ መግል ካለ እስኪለሰልስ መታገሥ ያስፈልጋል፤ በግድ ሲነቀል ይደማል፣ ዓይኑንም ይጎዳል። ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጎ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅባት ማስገባት ነው፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። የቲዩቡ ጫፍ ዓይን ከነካ በሽታውን ወደ ሌላዋ ዶሮ ያሻግራል።

ዴክሳሜታዞን (መቆጣትን የሚቀንስ የስቴሮይድ መድኃኒት) የተቀላቀለበትን ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አንመክርም፤ የዓይኑ ገጽ ቆስሎ ከሆነ ያባብሰዋል።

ፊቷ ካበጠና ንፍጥ ካላት ማይኮፕላዝማ (የመተንፈሻ አካልን የሚያጠቃ ባክቴሪያ) ሊሆን ስለሚችል ቅባት ብቻውን አይበቃም፤ የእንስሳት ሐኪም ይያት። ፈንጣጣ ቫይረስ ስለሆነ ቅባቱ አያድነውም፤ የቫይታሚን ኤ እጥረትም የሚስተካከለው በመኖ ነው። ብዙ ዶሮዎች አንድ ላይ ዓይናቸውን ከጨፈኑ በዶሮ ቁመት ልክ ጎንበስ ብሎ ቤቱን ማሽተት ይገባል፤ ከኩሱ የሚወጣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ የሚቆጠቁጥ ከሆነ እርጥቡ ጉዝጓዝ ይውጣ፣ አየር ይግባ። በሕክምናው ወቅት የተጣለው እንቁላል ለምን ያህል ቀን እንደማይበላ ሐኪሙን መጠየቅ አይዘንጋ።