ስታር ዋርስ፦ ዝናው የሚገባው ለየትኛው ፊልም ነው?

የስታር ዋርስን ታሪክ ብቻ ነጥሎ ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል፤ ሰሚው ይስቃል። የገበሬ ቤት ልጅ፣ የታሰረች ልዕልት፣ ጥቁር ካባ የደረበ ክፉ፣ ሰይፍ የሚያስተምር ሽማግሌ። በዚያ ላይ አየር በሌለበት ጠፈር የሚያጓራ ሞተር አለ። ታዲያ ከ1977 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህን ያህል ሕዝብ ያስከተለው ምኑ ነው? የእጅ ሥራው ነው። ሞዴል የገጣጠሙት፣ ድምፅ ሲለቅሙ የዋሉት፣ ፊልሙን ኤዲት ያደረጉት ሰዎች ናቸው ተረቱን ያስከበሩት። ዝናው እነሱ በተጠበቡባቸው ጥቂት ፊልሞች በሐቅ የተገኘ ነው፤ የቀሩት በዚያው ስም በዱቤ የኖሩ ናቸው።

የመጀመሪያውን ፊልም መክፈቻ እንይ። ቢጫው ጽሑፍ ሽቅብ ተንሸራቶ ካለቀ በኋላ አንዲት መርከብ እየተተኮሰባት ትሸሻለች። አሳዳጇ ከስክሪኑ አናት ብቅ ይላል፤ ያልፋል፣ ያልፋል፣ አሁንም አላለቀም። ማን ጉልበተኛ፣ ማን ተሳዳጅ እንደሆነ አንድም ቃል ሳይነገር ይገባል። የሚገርመው የግዙፉ መርከብ ሞዴል 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ የተሳዳጇ ደግሞ 1.9 ሜትር ገደማ። ትንሿ ከትልቁ በእጥፍ ትረዝም ነበር ማለት ነው! ግዙፍ ያስመሰለው ካሜራው እጅግ መጠጋቱና ገላው ላይ የተለጠፈው ኮተት ነው። ሠሪዎቹ ልጆች የሚገጣጥሟቸውን የፕላስቲክ ታንኮች፣ አውሮፕላኖችና መርከቦች ከሱቅ እየገዙ፣ ጥቃቅን ክፍሎቻቸውን ነቅለው በሞዴሉ ላይ በማጣበቂያ ደረደሩ። ዓይን ጥቃቅን ነገር የበዛበትን ዕቃ ሲያይ ትልቅ ነው ብሎ ይገምታል። ጆን ዳይክስትራና ባልደረቦቹ የሠሩት ካሜራ ደግሞ አንዱን እንቅስቃሴ ሳይዛነፍ ደጋግሞ መሥራት ይችል ነበር። ስለዚህ መርከቡን ለብቻ፣ የሞተሩን ብርሃን ለብቻ፣ ኮከቦቹን ለብቻ ቀርጾ መደራረብ ተቻለ። በአብዛኛው የሚበረው መርከቡ ሳይሆን ካሜራው ነው።

ዕቃው ሁሉ አሮጌ መምሰሉም በአጋጣሚ አይደለም። ሮቦቶቹ ተፈግፍገዋል፣ ግድግዳው ጥላሸት ይዟል፣ የሽፍታው የሃን ሶሎ መርከብ ጋራዥ ለጋራዥ እንደተንከራተተ አሮጌ ታክሲ ነው። የገበሬ ቤቱ ልጅ የሉክ ሰይፍ እጀታ የድሮ ግራፍሌክስ ካሜራ የፍላሽ መያዣ ነው፤ ነጭ ለባሾቹ ወታደሮች የሚይዙት ጠመንጃም እንግሊዝ ሠራሹን ስተርሊንግ ነካክተው ያዘጋጁት ነው። ተዋናዩ የጨበጠው ብረት ክብደት ስላለው እጁ አይዋሽም።

ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል። የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት የብርሃን ሰይፉን እምምታ ያገኘው ከፊልም ማሳያ ፕሮጀክተር ሞተርና ማይክሮፎን ከቴሌቪዥን ከጠለፈው ጉርምርምታ ነው። ይህን ቀላቅሎ በስፒከር አስጮኸ፤ ከዚያ ሌላ ማይክሮፎን ይዞ በስፒከሩ ፊት አወዛወዘ። ሰይፉ ሲወነጨፍ ድምፁ የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጥይቱ የአንቴና ማማ የሚወጥር የብረት ገመድ በመዶሻ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ነው። የጠላት ተዋጊ መንኮራኩሮች ጩኸት የዝሆንና በእርጥብ አስፋልት ላይ የሚያልፍ መኪና ድብልቅ ነው፤ የጥቁር ካባው ክፉ የዳርዝ ቬደር አተነፋፈስ ደግሞ የጠላቂ ዋናተኛ መተንፈሻ። ጆሮ እነዚህን ድምፆች በስም ባይለይም የሚያውቃቸው ናቸው፤ በማሽን ብቻ የተፈበረከ ድምፅ ይህን አያገኝም። (በ1983ቱ ፊልም ከሃን ሶሎ ወዳጅ ከላንዶ ጎን የሚያበርረው ትልቅ ጉንጭ ያለው ፍጡር የሚናገረው ኪኩዩንና ሃያ የተባለውን የታንዛኒያ ቋንቋ ነው፤ ድምፁን የሰጠው ኬንያዊ ተማሪ ነበር። ጎረቤቶቻችን ያለ ትርጉም ሰምተውታል።)

ኤዲቲንጉን ብዙ ሰው አያነሳውም፤ ፊልሙን ከውድቀት ያተረፈው ግን እሱ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ተጥሎ ማርሺያ ሉካስ፣ ፖል ሂርሽና ሪቻርድ ቹ እንደ አዲስ ሠሩት። ሉክ ገና ከጅምሩ ከጓደኞቹ ጋር የሚያወራባቸው ትዕይንቶች ወጡ፤ ታሪኩ በሁለቱ ሮቦቶች እግር እየተጓዘ ወደ ልጁ የሚደርሰው ለዚህ ነው። በመጨረሻው ውጊያ ጠላት የአማፅያኑን ምሽግ ሊያጋይ ደቂቃ ቀረው የሚለው ጭንቀትም በስክሪፕቱ አልነበረም፤ ኤዲት ሲደረግ የገባ ነው። ሦስቱም በዚህ ሥራ ኦስካር ወስደዋል፤ ይገባቸዋል።

ከሁሉም የላቀው የ1980ው ፊልም ነው፤ 124 ደቂቃ። የስታር ዋርስ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ዳይሬክት አላደረገውም። ለኧርቪን ከርሽነር ሰጠው፣ ስክሪፕቱን ሊ ብራኬትና ሎረንስ ካስደን ጻፉት፣ እሱ ከበላይ ሆነ። ውጤቱ በእያንዳንዱ ንግግር ይታያል። ሃን ሶሎ ሊቀዘቅዝ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ልዕልቷ «እወድሃለሁ» ስትለው «አውቃለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ይህች መልስ በስክሪፕቱ አልነበረችም፤ በቀረጻ ቦታ የተገኘች ናት። ዳይሬክተሩ ለተዋናዩ ጆሮ ሲሰጥ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል። ሉክን የሚያስተምረው ትንሹ ሽማግሌ ዮዳም የአሻንጉሊት አጫዋቹ የፍራንክ ኦዝ እጅ ያለበት አሻንጉሊት ነው፤ ሆኖም ከአንዳንድ ሥጋ ለባሽ ተዋናዮች የተሻለ ፊት አለው።

የ1983ቱ ግማሹ ድንቅ፣ ግማሹ የሱቅ መስኮት ነው። አባትና ልጅ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት የሚፋለሙበት ክፍል ይነዝራል። በጫካ የሚሯሯጡት ድብ መሰል ፍጥረታት ግን የተፈጠሩት ለመደርደሪያ ይመስላል። የአሻንጉሊቱ ንግድ ቀላል አልነበረም። ሉካስ ለመጀመሪያው ፊልም ከፍ ያለ ክፍያ ከመጠየቅ ይልቅ የዕቃ ሽያጩንና የተከታይ ፊልሞቹን መብት ያዘ። በ1977ቱ የገና በዓል አሻንጉሊቶቹ አልደረሱምና ኬነር የተባለው ፋብሪካ ካርቶንና የቀብድ ወረቀት ሸጠ፤ አራቱ አሻንጉሊቶች በቀጣዩ ዓመት በፖስታ ሊመጡ። ባዶ ዕቃ ተገዝቶ ሕፃን ደስ ያለው ያኔ ነው!

መበላሸቱ የጀመረው በ1997 ነው። ሉካስ አሮጌዎቹን ፊልሞች በኮምፒውተር ምስል እየደረተ እንደገና አወጣ። ሃን ሶሎ ካፌ ውስጥ ቀድሞ ተኩሶ ዕዳ ሊያስከፍለው የመጣውን ግሪዶን ይገድል የነበረው ተለውጦ ግሪዶ ቀድሞ ተኩሶ እንዲስት ተደረገ፤ ያውም በክንድ ርቀት። ራሱን ብቻ የሚያውቀው ሽፍታ በኋላ ለወዳጆቹ ሲመለስ የሚሰማን ስሜት በዚህ ይሞታል፤ ከመጀመሪያውም ጨዋ ከነበረ ምኑ ተለወጠ? ከባለ ዕዳው ወንበዴ ከጃባ ጋር የሚነጋገርበት የተጨመረ ትዕይንት ደግሞ ከግሪዶ የሰማነውን ዕዳ መልሶ ከመተረክ በቀር ሥራ የለውም።

ከ1999 እስከ 2005 የወጡትን ሦስቱን ሰው «ኮምፒውተር አበላሻቸው» ይላል። ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። የ1999ኙ ብዙ ሞዴል አለው፤ በእሽቅድምድሙ ስታዲየም ከሩቅ የሚታየው ሕዝብ ቀለም የተነከረ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ነው፤ ያ ክፍል ዛሬም ልብ ያንጠለጥላል። ችግሩ ንግግሩ ነው። ሁለት ሰዎች ኮሪደር ላይ ይሄዳሉ፣ ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስለ ንግድ ቀረጥ ይነጋገራሉ። ቦታው በኋላ ስለሚሳል የሚነኩት፣ የሚደገፉት፣ የሚሰብሩት ነገር የለም፤ ቆመው ያወራሉ። የ2002ቱ በ1080 መስመር ዲጂታል ካሜራ ስለተቀረጸ በትልቅ ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን ላይ መልኩ ለስለስ ብሎ ይደበዝዛል፤ ያልተቀረጸ ዝርዝር ከየት ይመጣል?

ዲዝኒ በ2012 ኩባንያውን ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ ከገዛ በኋላ የመጣው ድካም ሌላ ዓይነት ነው፤ እጁ የተዋጣለት፣ ዕቅድ የሌለው። አንዲት ሰይፍ ተከተሉ። በ2015ቱ መጨረሻ የአዲሶቹ ፊልሞች ጀግና ሬይ ሰይፉን ለሉክ ትዘረጋለታለች። የ2017ቱ ዳይሬክተር ሉክን ተቀብሎ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ እንዲወረውረው አደረገ። በ2019 የ2015ቱ ዳይሬክተር ሲመለስ ሬይ ሰይፉን ስትወረውር የሉክ መንፈስ ቀልቦ፣ የጄዳይ (የብርሃን ሰይፍ የሚይዙት ተዋጊዎች) መሣሪያ ክብር ይገባዋል ብሎ ይገሥጻታል። ሁለት ዳይሬክተሮች በተመልካች ገንዘብ ሲሰዳደቡ ማለት ነው። የሞተው ንጉሠ ነገሥት መመለሱም በመክፈቻው ቢጫ ጽሑፍ ይነገረናል። ፕላኔት አጥፊው መሣሪያ በ1977 አንድ ነበር፤ በ2019 የመርከብ መንጋ ሆነ። ቁጥሩ ሲበዛ ፍርሃቱ ቀነሰ።

ለየት ያለው አንዶር ነው፤ በ2022ና በ2025 የወጣ ባለ 24 ክፍል ተከታታይ። ሰይፍ የለ፣ ተአምርም የለም ማለት ይቻላል፤ እስር ቤት፣ ደሞዝ፣ ሰላይ፣ ስብሰባ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ቀስ ይላሉ፤ ሦስተኛው ላይ ሳትደርሱ አትፍረዱ። ክፍሎቹ ባብዛኛው ሦስት ሦስት ሆነው የተሠሩ ስለሆኑ በአንድ ምሽት ሦስት ማየት ይመረጣል።

ላላየ ሰው በ1977ቱ ጀምሮ የ1980ውን ማስከተል ነው። በክፍል ቁጥር፣ ከ«አንድ» ብላችሁ ከጀመራችሁ የአባትየው ምሥጢር አስቀድሞ ይፈሳል። ሁለቱ ካልጣማችሁ እዚያው አቁሙ፤ የሚቀረው አይለውጣችሁም። ከጣማችሁ የ1983ቱን፣ ከዚያ አንዶርን፣ ከዚያ የ2016ቱን ሮግ ዋን እዩ፤ የዚህ መጨረሻ የ1977ቱ መክፈቻ ደጃፍ ላይ ያደርሳችኋል። የቴሌቪዥናችሁን ምስል ማለስለሻ፣ በፍሬሞች መሃል የራሱን ምስል የሚሰካውን፣ ከሴቲንግ አጥፉት። በሴኮንድ 24 ፍሬም የተሠራ ሞዴል በዚያ ሲያልፍ ያ 91 ሴንቲ ሜትር መርከብ ወዲያው 91 ሴንቲ ሜትር መስሎ ይታያል።