የልጃችንን የንግግር ቴራፒስት አመስግኑልኝ

ይህን የምጽፈው አንዲት ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሟ እንዲጠራ አትወድም። ሙያዋን ግን ደጋግሜ እጠራዋለሁ፤ እንደኛ ብዙ ወላጅ ይህ ሙያ መኖሩን አያውቅምና። የንግግር ቴራፒስት ናት። አንቺ በሉኝ ስላለችን ነው እንጂ፣ ለኛስ አንቱ ናት።

ልጄ የመኪና አደጋ ሲደርስበት ገና 15 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት ሐኪሞቹ ስለ አንድ ቁጥር ያወሩ ነበር። የግላስጎው ኮማ መለኪያ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1974 በስኮትላንድ ሁለት የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ያወጡት ነው። ዓይን መክፈትን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን አይቶ፣ ሰው ምን ያህል ንቁ እንደሆነ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። 8 እና ከዚያ በታች ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። የኛ ልጅ ከዚያ በታች ነበር። ነፍሱን ያተረፉትን ሐኪሞችና ነርሶች ዕድሜ ይስጥልኝ። የዛሬው ምስጋናዬ ግን ከዚያ በኋላ ስለመጣው ረጅም ጊዜ ነው።

እሷ የመጣችው ልጁ ገና አንድ ቃል ሳይወጣው ነው። የማይናገር ልጅ ዘንድ የንግግር ባለሙያ ምን ትሠራለች ብለን ገርሞን ነበር። ለካ መዋጥም የነሱ ሥራ ነው! ከአንጎል ጉዳት በኋላ ውሃው ወደ ሆድ በመሄድ ፈንታ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ አንዳንዴ ሳያስልም ይገባል። ከዚያ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። በማንኪያ ጫፍ ውሃ አቀመሰችው። ሁለት ጣቷን ጉሮሮው ላይ አሳርፋ ማንቁርቱ ከፍ እስኪል ጠበቀች። ከዋጠ በኋላ «አ በል» አለችው። ድምፁ ውስጥ ውሃ የሚንኮረኮር መሆኑን በጆሮዋ እያጣራች ነበር። በዚህ ብቻም አልረካችም፤ በራጅ እየታየ የሚደረገው የመዋጥ ምርመራ እንዲሠራለት አደረገች።

ከዚያ ልጁ ይበልጥ እየነቃ መጣ። ያ ጊዜ ከኮማው ይልቅ ከበደኝ። ይሳደባል፣ ይማታል፣ የተሰካለትን ቱቦ ይነቅላል። ጨዋ ልጅ ነው፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እኔንና አባቱን አስቀምጣ አስረዳችን። አንጎሉ እየነቃ ነው፣ የት እንዳለ ግን አልገባውም፣ ብዙዎች በዚህ ያልፋሉ አለችን። ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ጠያቂ አንድ አንድ እያለ ይግባ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ያውራው። እንዳለችው አደረግን። ቀስ በቀስ ረገበ።

ቆሞ መሄድ ሲጀምር ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ ዳነ» አለ። እውነትም ተመስገን ነው። ግን ትልቁ ሥራ ገና መጀመሩ ነበር። ይህንን አስቀድማ ያየችው እሷ ናት። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ማቀድን፣ አንድን ነገር መጀመርን፣ ራስን መግታትን ይመራል። ይህ ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ማደጉን ይቀጥላል። ስለዚህ በጉርምስና ሲጎዳ ችግሩ ሁሉ ያኔውኑ አይታይም። ትምህርቱ ሲከብድ፣ ኃላፊነት ሲመጣ ብቅ ይላል። ትምህርት ቤት ሲመለስ «ሰነፈ» ተባለ። እሷ ከመምህራኑ ጋር ቁጭ ብላ አወራች። ቶሎ የሚደክመው አንጎሉ መሆኑን፣ በየመሃሉ ዕረፍት፣ ለፈተና ደግሞ ተጨማሪ ሰዓት እንደሚያስፈልገው አስረዳች። የድካሙን ምልክት ሳይቀር ነገረቻቸው፤ መልሱ እያጠረ ይሄዳል፣ ግንባሩን ያሻል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው ግን አንድ ጥያቄዋ ነው። ልጁን ራሱን «አንተ ምን እንዲመለስልህ ትፈልጋለህ?» አለችው። ከዚያ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት በዓይኗ ከለከለችኝ። መልሱ ዘገየ እንጂ መጣ። «ጓደኞቼ ሲያወሩ ቀልዱ ያመልጠኛል። ሁሉም ስቀው ሲጨርሱ ነው የሚገባኝ።» እኛ ስለ ትምህርት ውጤቱ ስንጨነቅ ልጄን የሚያንገበግበው ይህ ነበር።

የሕክምናውን ዕቅድ በዚህ ላይ ሠራችው። መጀመሪያ ሁለት ሰው ብቻ ጸጥ ባለ ክፍል። ቀጥሎ ሦስት ሰው። ከዚያ ሬዲዮ ተከፍቶ። ወሬው ሲያመልጠው «ቆይ፣ ምን አልክ?» ብሎ ሳያፍር ማቋረጥን አለማመደችው። የሰማውን በራሱ ቃል እንዲደግም አደረገችው። ማስታወሻ ደብተሩንም ራሱ ነው የሚጽፈው፤ ማንም እንዲጽፍለት አልፈቀደችም። አሁን ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ከሌላ ክፍል እሰማዋለሁ። አሁንም ይደክመዋል፣ አሁንም ደብተሩ ከእጁ አይለይም። ለውጡ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፈጣን ነው፣ ከዚያ ይዘገያል፤ ግን ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

ልጃችሁ ጭንቅላቱ ተጎድቶ የተኛባችሁ ወላጆች፣ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት የንግግር ቴራፒስት ይየው በሉ። አነጋገሩ ጥርት ያለ ቢሆንም እንኳ። በማስታወስ፣ በትኩረት፣ በማቀድም ላይ ይሠራሉ። ባለሙያውን ስትመርጡ አንጎላቸው ከተጎዳ ወጣቶች ጋር ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ። ደግሞም ተመልከቱ፤ የሚያወራው ለናንተ ነው ወይስ ለልጁ? እኔ በዚህ ነው የምለየው። በአቅራቢያችሁ ከሌለ በቪዲዮ የሚሠሩም አሉ። ለናንተም የቤት ሥራ የሚሰጥ ይሁን፤ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻውን አይበቃም።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ውለታሽን ከፍለን አንጨርሰውም። እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።