ጥቁር ዛፍ ወይስ ጭራሮ? ባሕር ዳር ላይ ጎቲክ ገና ለሚያስቡ

አምና ለገና ሳሎኑን «ጎቲክ» በሚባለው ጨለም ያለ የማስጌጥ ስልት ጥቁር በጥቁር አደረግኩት። ጥቁር መጋረጃ፣ ጥቁር የጠረጴዛ ልብስ፣ ጥቁር ዛፍ። በማግስቱ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ በሩን ገፋ አድርገው አዩና እዚያው ቀሩ። «ውይ ልጄን! ማን ሞተባችሁ?» ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ እጃቸው ትከሻቸው ላይ ደርሶ ነበር።

ሳጣራ እትዬ ብዙም አልተሳሳቱም። ጎቲክ ሲጀመር ጥቁር ማለት አልነበረም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ የተጀመረ የቤተ ክርስቲያን አሠራር ነው፦ ጫፉ የሾለ ቅስት፣ ወደ ላይ የሚመዘዝ ቁመት፣ ባለቀለም መስታወት። ጥቁሩ ኋላ የመጣ ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም እጇ አለበት። አዎ፣ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ጽፈውላት መልስ ያጡባት ቪክቶሪያ። ከባሏ ከአልበርትና ከልጆቿ ጋር ዛፍ ከበው የሚያሳይ ሥዕል በ1848 እ.ኤ.አ. ለንደን ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የገና ዛፍ በእንግሊዝ ቤቶች ተዛመተ። አልበርት በ1861 ሞተ። እሷ እስከሞተችበት እስከ 1901 ከጥቁር ልብስ አልወጣችም። ዛፉም ለቅሶውም ከአንድ ቤት ነው።

ዘንድሮ ታዲያ የምገዛውን በሦስት ነገር ነው የምመዝነው፦ ቁመት፣ ጥላ፣ ነበልባል። ጥቁርነት አራተኛ ነው።

ከዛፉ ልጀምር። ጥቁሩን የላስቲክ ዛፍ እኔ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ቀን ቀን ያምራል። ማታ ግን ጥግ ላይ ካቆማችሁት ይጠፋል፤ አምፖሎቹ ብቻ አየር ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ። ጥቁር ብርሃን ስለሚውጥ ለአረንጓዴ ዛፍ ከሚበቃው መብራት እጥፍ ፈጀብኝ። ግዴታ የምትሉ ከሆነ ከጀርባው ነጣ ያለ ግድግዳ ይኑር፤ እግሩም ከብረት ይሁን። የላስቲክ እግር ያለው ድመት ስትነካው ይወድቃል።

እውነተኛ ጥድ ሽታው ብቻ ያስገዛል። የፈረንጅ ጥድ መሆኑን ጠይቁ። የሀበሻ ጥድ ለማደግ ዘመን የሚፈጅ ዛፍ ነው፤ ለሁለት ሳምንት ጌጥ አይቆረጥም። አሸዋ በሞላ ባልዲ ተክላችሁ ውኃ ካላጠጣችሁት ከገና እስከ ጥምቀት ያሉትን 12 ቀናት አይችልም። የደረቀ ጥድ አጠገብ ደግሞ ሻማ አይታሰብም። ሙጫው እንደ ክብሪት ነው የሚይዘው።

ሦስተኛው ጭራሮ ነው። አትሳቁ። ቅርንጫፉ የበዛ፣ ጠመም ያለ፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ደረቅ እንጨት ምረጡ። አሮጌ እንስራ ውስጥ በድንጋይ አስደግፋችሁ አቁሙት። ከታች አንዲት መብራት ብታስቀምጡ ጥላው ጣሪያው ላይ ይዘረጋል። ያንን ጥላ የትኛውም የላስቲክ ዛፍ አይሰጣችሁም። ከጣና ዳር ደንገል ከነአናቱ ካገኛችሁ ሁለት ሦስት ዘንግ ጨምሩበት፤ ጥቁር ሲቀባ የተበተነ ጸጉር ይመስላል። የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው።

ወደ መብራቱ ስንመጣ ገንዘቡን እዚህ ላይ አውጡ። ተራው ነጭ ሻማ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ ከተረሳ ይጎብጣል፣ ይንጠባጠባልም። ለጎቲክ ግን መንጠባጠቡ ነው የሚፈለገው። ባዶ የወይን ጠርሙስ አፍ ላይ ሰክታችሁ ሦስት አራት ማታ በላዩ ላይ እየተካችሁ አብሩ። ሰሙ ጠርሙሱን እየተከተለ ይወርዳል፣ አንገቱ ላይ ይቋጠራል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደርባል። የመቶ ዓመት ዕቃ ይመስላል።

ጧፍ ሌላ ነገር ነው። የንብ ሰሙ ሲሞቅ ማር ማር ይላል፣ ብርሃኑም ወርቅማ ነው። ግን ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ ለጌጥ ብቻ ከሆነ ኪስ ይጎዳል። አሥር ያህሉን አሸዋ ባለበት ጥቁር ሸክላ ላይ ተክላችሁ ለገና ዋዜማ ብቻ ብታበሩት ይሻላል። ዘጌ ያለው ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ የሚያውቅ ሰው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ሥዕል እንዴት እንደሚያይ ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ጧፍና የራስ ቅል ጌጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይዋሉ። እናቴ ጧፉን አንስታ ነው የወሰደችብኝ። እውነትም አላት።

ልጅ ያለበት ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው የውሸት ሻማ ይግባ። ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ፈልጉ። 6500 የሚለው ሳሎናችሁን ክሊኒክ ያደርገዋል። ድንጋዩ እንደ አዝራር ጠፍጣፋ ከሆነ ክዳኑ በብሎን የሚታሰር መሆኑን እዩ፤ ሕፃን ከዋጠው ለሕይወት ያሰጋል። ተንጠልጣይ መብራት ስትገዙ ሶኬት ላይ ብቻ የሚሰካውን ተዉት። መብራት በሄደ ቁጥር ቤቱ ይሞታል። በዩኤስቢ የሚሠራውን ፓወር ባንክ ላይ ሰክታችሁ ማምሸት ትችላላችሁ።

ጨርቅ ላይ ብዙ አልቆይም። ሳቲን ያብለጨልጫል፣ የሠርግ አዳራሽ ያስመስላል። ከፋይ ይወደዳል፣ ግን ጥላ ይይዛል፤ እሱን ግዙ። ቀለሙ ጥቁር ሳይሆን የዛላ በርበሬ ቀለም ይሁን፤ ጥቁር ከፋይ አቧራና ክር ሁሉ ያሳያል። ጥቁሩን በዳንቴል ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ አስገቡት። ወለሉ ላይ ያው ቄጤማ ነው፤ ለእሱ አማራጭ አልፈለግኩም።

ጭራሮውን የምትቀቡት የማያብለጨልጭ ጥቁር ስፕሬይ ገዝታችሁ ነው፤ አንድ ጣሳ ይበቃል። ግቢ ውስጥ፣ ጠዋት፣ የሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ። እኔ ከሰዓት በኋላ ቀባሁ። የእትዬ ነጠላ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። አንድ ጣሳ ስፕሬይ፣ አንድ አዲስ ነጠላ፤ ሒሳቡ እንደዚያ ሆነ።