ሐረጎ ቁልቁለት ላይ በስልክ የሚለካ «85 ፈረስ» እንዳትገዙ

የደሴና የኮምቦልቻ መኪና ፈላጊዎች፣ እጄ በንዴት እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። የደላሎችን አካሄድ ታውቁታላችሁ። ደላላው በጠዋት ደውሎ «ሌላ ገዢ መጥቶባታል» ይላል፤ መኪናዋ ታጥባ፣ ሞተሯ አስቀድሞ ሞቆ ትጠብቃለች፤ መካኒኩም «የራሳችን ልጅ ነው» ተብሎ ከች ይላል። አሁን የጨመሩበት ስልክ ነው። የሞተሩን ጉልበት በአፕ ለክተን እናሳያችኋለን ይላሉ።

ዕቃዋ ባለ 1300 ሲሲ ቪትዝ ናት፣ ካምቢዮዋ ሲቪቲ፣ ማለትም በማርሽ ደረጃ ሳይሆን በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ። ከፋብሪካ ስትወጣ 87 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ሙከራው የተደረገው ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ነው። ሲወርዱ! መካኒኩ ገቢና ተቀምጦ በሰዓት ከ40 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ለመድረስ የፈጀባትን ጊዜ ያዘ፤ 7.4 ሰከንድ። አፑ ክብደት ሲጠይቀው አውራ ጣቱ ምንም ሳያመነታ 1500 ብሎ ጻፈ። «ካምቢዮ የሚበላው» የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ 40 ከመቶ ሞላ። ከዚያ ስልኩን መኪናዋን ወደሚነዳው ገዢ አዙሮ «85 ፈረስ! ወላሂ እንደ አዲስ ናት፣ አብሽር» አለ። ብሩ በዚያው ከሰዓት ገባ። የስልኩን ፎቶ መካኒኩ ኮርቶበት በቴሌግራም ልኮታል፤ ቁጥሩን ያገኘነው ከዚያ ነው።

እስቲ አብረን እናስላው። ባዶ መኪናዋ 1,020 ኪሎ ገደማ ናት፤ ሁለት ሰው ሲጨመር 1,170። ይህን ክብደት ከ40 ወደ 80 ለማድረስ 217 ኪሎጁል ያህል ይፈጃል። 1500 ብሎ ሲጽፍ ግን አፑ 278 አድርጎ አሰበው። መኪናዋ ምንም ሳትሠራ ጉልበቷ ከሩብ በላይ ጨመረ ማለት ነው። 278ን ለ7.4 ስታካፍሉት 37.5 ኪሎዋት፣ ማለትም 51 ፈረስ። ይህን ጎማ ላይ ያለ ጉልበት ነው ብሎ ለ0.6 ሲያካፍለው 85 ወጣለት። ቁልቁለቱስ? መንገዱ በ100 ሜትር 5 ሜትር ብቻ ቢወርድ እንኳ በ60 ፍጥነት ላይ 13 ፈረስ የሚጠጋ ነፃ ጉልበት ይሰጣል። የሐረጎ ውለታ ነው፣ ሞተሩ ምኑም አይደለም።

ያቺው መኪና ደሴ አጠገብ ባለው ደልዳላ ቦታ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ሄዶ መልስ ስትለካ 11 ሰከንድ ፈጀች። 217 ለ11 ሲካፈል 19.7 ኪሎዋት። ለንፋስና ለጎማ የሚሄደውን 4 ኪሎዋት ገደማ ስንጨምርበት 23.7 ይሆናል፤ ጎማ ላይ 32 ፈረስ ብቻ ነው።

አሁን ካምቢዮ ይበላል ወደተባለው 40 ከመቶ። የፊት ጎማ የሚነዳ ማንዋል መኪና ከሞተር እስከ ጎማ የሚያባክነው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ከመቶ ነው፤ ሞተሩ በአግድም ስለተቀመጠ ረጅም ዘንግም ሆነ በዲፍረንሻል አቅጣጫ የሚቀይር ማርሽ የለውም። የኋላ ጎማ የሚነዳው 15 እና ከዚያ ትንሽ በላይ፣ በአራቱም የሚነዳው ከ20 እስከ 25። ሲቪቲ ቀበቶውን ጨምቆ ለመያዝ የዘይት ፓምፑ ሁልጊዜ ስለሚደክም 18 ከመቶ ብንሰጠው አልበደልነውም። በራሱ በሰውዬው ሒሳብ ግን ካምቢዮው የበላው 34 ፈረስ፣ 25 ኪሎዋት ነው። ያ ጉልበት የትም አይሄድም፣ ሙቀት ይሆናል። ሰባት የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ካምቢዮ ውስጥ እንደመለኮስ ነው፤ ዘይቱ ኮምቦልቻ ሳይደርስ ይቃጠል ነበር።

መኪናዋ ስትመለስ ሐረጎ ላይ ተንፏቀቀች። ገዢው ጋራዡ ሲሄድ መካኒኩ ከሻዩ ቀና እንኳ ሳይል «40 ፐርሰንት በካምቢዮ ይባክናል ብለን ጽፈንልሃል እኮ፣ ማንበብ አትችልም?» አለው። ደላላው ሳቀ። ለመሸጫ ያመጡትን ቁጥር ለማምለጫም አደረጉት። «ከፈለግህ ካምቢዮ እናስመጣልህ» የሚል ጨመሩበት፤ ሁለተኛ ሽያጭ መሆኑ ነው።

«የደሴ አየር ቀጭን ነው» የሚለውንም ሞክረዋል። ይህ እንኳ ግማሽ እውነት አለበት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚያ ከባሕር ጠለል አቅሙ 78 ከመቶውን ያህል ነው የሚሰጠው። ስለዚህ 87ቱ 68 ይሆናል፣ ሲቪቲው 18 ከመቶውን ሲወስድ ጎማ ላይ 56 ይቀራል። 56 እንጂ 32 አይደለም! የጎደለውን 24 ፈረስ ከፍታም ካምቢዮም አልወሰደውም።

የወሰደው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ አየር የሚታመቅበት ግፊት፣ ሲለካ ተገኘ። አንደኛውና አራተኛው ሲሊንደር 9.5 ባር፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው 6። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በመካከላቸው ያለው የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩን ራስ ከብሎኩ ጋር የሚያሽገው ማሸጊያ፣ ነው። ከፍታ የአራቱንም ንባብ እኩል ያወርዳል፣ ሁለቱን መርጦ አይመታም።

ለምትገዙ፦ ልኬቱን በራሳችሁ ስልክ፣ ሜዳ ላይ፣ በአንድ መንገድ ወዲያና ወዲህ ሄዳችሁ አማካዩን ውሰዱ። ጎማው በልኩ ይነፋ፣ ኤሲ ይጥፋ። ከጎማ ወደ ሞተር ስትመልሱ በ1.18 አታባዙ፣ ለ0.82 አካፍሉ። ብር ሳትልኩ ኮምፕሬሽን ከሌላ ጋራዥ በመጣ መካኒክ ይለካ፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ1 ባር በላይ ልዩነት ካለ ቁልፉን መልሱለት።