ኮሌጅ ልታስመዘግቡ ያሰባችሁ ወላጆች፣ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት

ጎንደር ያላችሁ ወላጆች፣ ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ «ምዝገባ ጀምረናል» የሚል ወረቀት ተሰጥቷችሁ ከሆነ ቶሎ ብላችሁ ብር እንዳታወጡ።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ከተማ አንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ተምራ ጨረሰች። ጨረሰች እንጂ ዲግሪ የላትም። የመውጫ ፈተናውን አላለፈችም፤ አብረዋት ከተፈተኑትም ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰነፍ ሆና እንዳይመስላችሁ። የሚሰጧት ሞጁል ኮፒው ተደጋግሞ ተደጋግሞ የሒሳብ ሠንጠረዡ ጥቁር ቀለም ብቻ ሆኗል፣ መምህሩ ደግሞ ቅዳሜ መጥቶ የስንት ሳምንቱን ምዕራፍ በአንድ ቀን ጠቅልሎት ይሄዳል። ወረቀታቸው ላይ ግን «ተማሪዎቻችን በሙሉ በጊዜያቸው ያጠናቅቃሉ» ይላል።

ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። እነሱ የሚቆጥሩት ኮርስ የጨረሰውን ነው። ከ2015 ጀምሮ ግን የመንግሥትም ይሁን የግል ተማሪ በመውጫ ፈተና 50 በመቶ ካላመጣ ዲግሪ አያገኝም። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ ከግል ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ጎበዝ የግል ኮሌጅ የለም አልልም፣ ግን ይህን ቁጥር ማንም መዝጋቢ አይነግራችሁም።

እህቴን ያሳመኗት «መንግሥት ብትገባ ወጪ መጋራት ይቆለልባታል፣ እኛ ጋ ዕዳ የለም» ብለው ነው። ወጪ መጋራት ዕዳ መሆኑ አይካድም። ምግቡና ዶርሙ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱም የተወሰነው ይታሰባል፤ የተማሪው የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ካደገ ወዲህ ደግሞ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን የሚከፈለው ሥራ ተይዞ ከደመወዝ እየተቆረጠ ነው። የኮሌጁ ክፍያ ልጅቷ አለፈችም ወደቀችም በየወሩ ከእናቷ መቀነት ነው የወጣው። ዕዳ የለበትም የተባለውን ለመክፈል እህቴ አራዳ ገበያ በርበሬ እየሸጠች የእቁብ ዕጣ ከሰው ገዝታለች። ይሄ ዕዳ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሌላው ማማለያቸው ደመወዝ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲግሪ መነሻ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 11,500 ብር ሆኗል ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ዲግሪ ለያዘ። ልጅቷ አሁንም የምታመለክተው በ12ኛ ክፍል ማስረጃዋ ነው።

የመንግሥትም ሁሉ እኩል አይደለም። ምርጫ ስትሞሉ ስም ብቻ አይታችሁ አትሙሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጤና ትምህርት ከ1947 ጀምሮ የቆየ ነው፤ ልጃችሁ የምትገባው ሌላ ዲፓርትመንት ከሆነ ግን የዚያኑ ዲፓርትመንት የመውጫ ፈተና ውጤት ጠይቁ።

ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ «ዕውቅና አለን» ሲሏችሁ ደብዳቤውን አሳዩኝ በሉ። ፈቃድ የሚሰጠው በካምፓስና በትምህርት መስክ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ስላለው የጎንደሩ አለው ማለት አይደለም። ያለፈው ዓመት ስንት አስፈትነው ስንት እንዳለፉ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ስጡኝ በሉ። ከተንተባተቡ ውጡ። ደረሰኙ ሥር በደቃቅ ፊደል «የተከፈለ አይመለስም» የምትለዋንም ሳታዩ እንዳትፈርሙ።

የኮሌጁን ስም ለምን አትጠራም ለምትሉኝ፣ የእህቴን ብር ለማስመለስ ክርክር ላይ ስለሆንን ነው።